የጉልበቴ አፉታ

መስጊዳችን ውስጥ፣ ከኋላ ከግድግዳው ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ይደረደራሉ። ወገባቸውና ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚሰግዱባቸው ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የእኔም ቦታ እዚያ ሆነ። የሰፈሬ ቡድን የግራ መስመር አጥቂ የነበርኩ ሰው፣ ጺማቸውን ሂና ካቀላው አባቶች መሀል ተቀምጬ፣ ክራንቼን ከምርኩዞቻቸው ጎን አስደግፌ እሰግድ ጀመር። ጉልበቴን የበጠሰው ሰውዬ ደግሞ ከፊት ረድፍ ሆኖ እንደ ልቡ ሱጁድ ይወርዳል፣ ይነሳል። ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እኔ የማየው ጉልበቱን ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስንቱ ሰላቴ የሰው ጉልበት ላይ ሳፈጥ አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚሴ ውስጥ ከዋናው መንገድ በላይ ያለው ሰፈርና ከመንገዱ በታች ያለው ሰፈር ረመዳን ከመግባቱ በፊት ኳስ ይጋጠማሉ። ዋንጫ የለውም፤ ያሸነፈው ግን ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈውን ሲያበሽቅ ይከርማል። እኔ ከላይ ነኝ፣ እሱ ከታች። እኔ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ እሱ ባጃጅ ይነዳል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ያን ቀን ኳሷን ከፊቴ ገፋ አድርጌ አልፌው ሄጃለሁ። ኳሷ ርቃለች። እሱ ከጎን ሁለት እግሩን ዘርግቶ በሸርተቴ ገባብኝ። ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ቷ ያለውን ነገር ከዳር ቆመው ያዩት ሳይቀሩ ሰምተነዋል ብለዋል። እኔ አቧራው ላይ እየተንከባለልኩ ሳለሁ እሱ ተነሳ፣ ቁምጣውን አራገፈና ለዳኛው እንዲህ አለ፦

«ኳሷን ነው የነካሁት።»

ዳኛው አመነው። እግሬን መስበሩን ምናልባት እረሳለት ነበር፤ ያቺን ቃል ግን አልረሳሁም።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ወጌሻ ጋ ነው፤ ቅቤ ቀብቶ ሲያሸኝ፣ ሲያጣምመኝ ሰነበተ። እብጠቱ ሲጎድል የዳንኩ መስሎኝ ቆሜ ሄድኩ፤ ከሱቄ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ወደ ጎን ከዳኝና ደንበኞቼ ፊት ተዘረርኩ። አዲስ አበባ ወስደው ሲያስመረምሩኝ ሐኪሙ የፊተኛው ጅማት ሙሉ ለሙሉ ተበጥሷል አለ። ከጭኔ ጅማት ቆርጠው በሱ ቦታ ተከሉልኝ። ስነቃ እግሬ እንደ ግንድ ከብዶኛል። ነርሷ ሕመሙ ምን ያህል ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ በልቤ የማስበው ያ ባጃጅ ነጂ በዚህች ሰዓት ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ሰው ጭኖ በሁለት ጤነኛ እግሩ ፍሬን እየረገጠ መሆኑን ነበር።

ከሚሴ ተመልሼ ገና ክራንች ላይ ሳለሁ በየጠዋቱ ባጃጁን አጠገቤ ያቀዘቅዛል። ግባ ላድርስህ ይለኛል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ብብቴ በክራንቹ ተልጧል፣ ሱቄ ገና ሩቅ ነው። አልመልስለትም። እሱም ትቶኝ አይሄድም፤ በኔ እርምጃ ልክ ከኋላዬ ይጎተታል፣ ከበስተኋላው መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ሰው ሁሉ እያየን ለቀስተኛ መስለን ሱቄ በር እንደርሳለን። ይኼ ራሱ ትንሽ አንጀቴን ያርሰው ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ይዞ መጣ። የኛ አገር ወግ ነው፤ ሰው የበደለ ሰው ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ በዳዩ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይላል፣ ተበዳዩ አፉ ብያለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዘጋ። አፉ ካለ በኋላ ለበቀል እጁን ያነሳ ሰው ዱዓውን አፍርሷልና በከተማው ዓይን እሱ ራሱ በዳይ ይሆናል። ይህን ስለማውቅ ነው ያላልኩት። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲጠብቁኝ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ጉልበቴ ሳይድን አፉ ብል ከልቤ አይሆንም፣ ሲድን ግን ኢንሻአላህ እላለሁ አልኳቸው። ከልቡ ሊል ፈልጎ ነው ብለው መረቁኝ፣ አላህ አፊያ ያድርግህ አሉኝ። እሱ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል። ድኜ፣ ተጫውቼ፣ ቅልጥሙን ሰብሬ፣ ከዚያ አፉ ልል ነበር ያሰብኩት።

ሰው ከቀዶ ሕክምና እንዴት በረታህ ሲለኝ አብሽር ያሉኝ ወዳጆቼ ናቸው እላለሁ። ውሸት ነው። ያበረታኝ ቂም ነው። ፊዚዮቴራፒ የምሄደው ደሴ ድረስ ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ፣ ረዳቱ እየተነጫነጨብኝ። ቤት ደግሞ በፌስታል አሸዋ ቋጥሬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። አንዷን ለቅልጥሙ፣ ሌላዋን ለቅልጥሙ እያልኩ። ላቤ ወርዶ ጥርሴን ነክሼ ላቁም ስል «ኳሷን ነው የነካሁት» የሚለው ድምፁ ይመጣልኛል፤ እንደገና አነሳለሁ። ቦርከና ወንዝ ዳር መሮጥ ስጀምር እግሬ ሳይሆን እልኼ ነው የሮጠው።

በዚህ መሀል አባቱ ሐጅ ሊሄዱ ሆነ። የሳቸውም ጉልበት አይታጠፍም፣ መስጊድ ውስጥ ጎን ለጎን ወንበር ላይ ነበር የምንሰግደው። ወደ መካ የሚሄድ ሰው ዞሮ ዞሮ አገሩን ሁሉ አፉ ያስብላል፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ሰላቱ አብቅቶ ሰዉ እየወጣ ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የሰው ሐቅ ይዤ አላህ ቤት አልገባም፣ ልጄ» አሉኝ።

«አባባ፣ አንቱ ላይ ሐቅ የለኝም። አፉ ብያለሁ።»

«የልጄስ?»

«የሱ የሱ ነው» አልኳቸው።

እጄን ቶሎ አልለቀቁትም። ተመልሰው ሲመጡ ለጉልበትህ ብለው ከመካ የዘምዘም ውሃ አመጡልኝ። ዘምዘሙን ጠጣሁ። ልጃቸውን ግን አልማርኩም።

ሐኪሙ መጫወት ትችላለህ ባለኝ ዓመት ታኬታዬን አሰርኩና ሜዳ ገባሁ። ወንበሩን ትቼ መሬት ላይ መስገድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹም ያን አይተዋል። እንግዲህ ከጨዋታው በኋላ ትላለህ ብለውኝ ሜዳው ዳር ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ያ ሰው ተከላካይ ሆኖ ቆሟል፣ ግን ድሮ የማውቀው ተከላካይ አልነበረም። ከኔ በኋላ ሸርተቴ ገብቶ አያውቅም ይባላል፤ አጥቂ በመጣ ቁጥር እግሩን ሰብስቦ መንገድ ይለቃል፣ የሰፈሩ ሰው ይሰድበዋል። ስድቡን ስሰማ ጣፈጠኝ።

ከእረፍት በኋላ ኳስ በሁለታችን መሀል ወደቀች። ለዓመታት በልቤ ስጫወታት የኖርኳት ኳስ ናት። እየሮጥኩ መጣሁ። እሱ ደርሶ ኳሷን በእግሩ ያዛት፣ ከዚያ አልመታትም፣ አልሸሸምም። ቀኝ እግሩን ፊቴ ተከለና ቆመ። ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረኝ።

«ኦቦሌሳ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ምታኝና እንገላገል። ከዚያ አፉ ትለኛለህ።»

ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ስሰበርም አልተናደድኩም። ለካ እሱም ይህችን ቀን ሲጠብቃት ነው የኖረው። ብመታው ይወድቃል፣ ያለቅሳል፣ እኩል እንሆናለን፣ ማታውን ተቃቅፈን ጫት እንቅማለን፣ እሱ ሰላም ያድራል። ልበቀለው መጥቼ ላሳርፈው ነበር። እግሬን ሰበሰብኩ፣ ኳሷን ብቻ ከእግሩ ሥር ነጠቅኩና አለፍኩት። ኳሷን ብቻ። ግብ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ፤ በረኛው ያዛት።

ጨዋታው ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። እሱም አቧራውን እንደለበሰ መጥቶ ቆመ። አልሐምዱሊላህ ጉልበትህ ድኗል፣ በል እንግዲህ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ቀኝ ጉልበቴን ያዝኩ፣ ፊቴን አጨማደድኩና «ገና ነው፣ ያመኛል» አልኳቸው። ለሱ ውሸት የኔ ውሸት ይህች ናት። እሱ ደግሞ አንገቱን ደፋ።

ዓመታት አለፉ። ዛሬ ከፊት ረድፍ እሰግዳለሁ። አባቱ አሁንም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሰላም ይሉኛል እንጂ ያን ጥያቄ አይደግሙትም። ጉልበቴን ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ የቱ እንደነበር እናቴ እንኳ ታምታታዋለች። እሱ ብቻ በየጠዋቱ ባጃጁን ሱቄ በር ላይ ያቀዘቅዝና ቀኝ ጉልበቴን እያየ እንዴት ነው ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። ይሄዳል።

በቅርቡ አንድ ጠዋት ሳይመጣ ቀረ። ጨርቁን መዘርጋት ትቼ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ አረፈድኩ። ታሞ እንደሆነ ሰው ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት፤ ከጠየቅኩማ አፉ ያልኩ ይመስላል። በማግስቱ ያቺ ባጃጅ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ቀነሰ፣ አንገቱን አወጣና ጉልበትህስ አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት፣ ደስ ብሎኝ።