ዋጊየም የዘለለቻት ደረጃ

በክላተን ከተማ ገበያ፣ ወደ ፎቁ በሚያወጣው ደረጃ ግርጌ ቅመም የምትሸጠው ዋጊየም «ሦስት ኦንስ በርበሬ» ስትባል ሦስት መቶ ግራም ትመዝናለች። በዚያ ገበያ ኦንስ የሚሉት መቶ ግራምን ነው፤ እጇ ተሳስቶ አያውቅም። ወረቀት ላይ ግን «ሦስት ኦንስ፣ ሠላሳ ግራም» ብላ ትጽፋለች። ባለፈው ዓመት የጎልማሶችን ፈተና የወደቀችው በዚህ ነው። ዘንድሮም ከወደቀች፣ የስድስተኛ ክፍል ማስረጃ የሚጠይቀው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሥራ ለሌላ ሴት ይሰጣል።

«ደንበኞችሽ ይህን ወረቀት ቢያዩ ሚዛን ሰረቀችን ብለው ይከሱሽ ነበር» ትላታለች ካሲናህ። ካሲናህ ከጎኗ የድርጭት እንቁላል የምትሸጥ ጎረቤቷ ናት።

«አንቺ እንቁላልሽን ጠብቂ!»

ጎልማሶችን የሚያስተምረው መምህር ሃርጆኖ ድንብላል ሊገዛ በመጣ ጊዜ እንዴት እንደምትቆጥር ጠየቃት። ጣቷን አጠፈች።

«ኪሎ፣ ኦንስ፣ ግራም። በወረድኩ ቁጥር አንድ ዜሮ።»

«እትዬ ዋጊየም፣ ኦንስ መጽሐፉ ሄክቶግራም የሚለው ነው። ከሱና ከግራም መካከል ዴካግራም አለ። እሷን ዘለሉ።»

«ማን ይገዛታል?»

«ማንም አይገዛትም።»

«ታዲያ ምን ታክላለች?»

«አሥር ግራም።»

«እሱንማ ነገሩኝ፣ መምህር። በእጅ ሲይዟት የምን ዕቃ ያህል ናት?»

መምህሩ ዙሪያውን ቃኘና ሳቀ። እሱም አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ዋጊየም ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ደረጃ ሰጥታ ዕቃ መደርደር ጀመረች። ከላይ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ከሥሩ አንድ ኦንስ በርበሬ አኖረች። ቀጣዩን ደረጃ ባዶ ትታ ከሱ በታች አንድ ትልቅ ኦቾሎኒ አስቀመጠች፤ ግራም መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃታት። አሥር ቅርንፉድ ግራም ከሞላ አንዱ ዴሲግራም ነው። አንዷ የድንብላል ፍሬ ሴንቲግራም ገደማ፣ አንዷ የበሶብላ ዘር ደግሞ ሚሊግራም ገደማ ሆነች። ዘሯን ነፋስ እንዳይወስድባት በጣቷ ይዛ ቆየች።

ባዶው ደረጃ ግን አልሞላ አለ። የነጭ ሽንኩርት ራስ ከበደ፤ አንዱ ፍንካች ቀለለ።

«መንገድ ዘጋሽ እኮ!» አለች ካሲናህ፣ የእንቁላል ሳህኗን ይዛ ስትወጣ። ያልተያዘው ደረጃ እሱ ብቻ ስለነበር እዚያው ተቀመጠችና አንድ እንቁላል ከጎኗ አኖረች።

ዋጊየም እንቁላሉን አየችው። አንስታ ሚዛን ላይ አደረገችው። አሥር ግራም። ሌላ ሞከረች፤ ከአሥር ትንሽ አለፈ።

«ካሲናህ፣ ዴካግራም ስትሸጪ ኖረሻል!»

«ምን አልሽኝ አንቺ?»

ፈተናው ላይ «አራት ሄክቶግራም ስንት ግራም ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ዋጊየም ዓይኗን ጨፍና ከበርበሬው ወደ እንቁላሉ፣ ከእንቁላሉ ወደ ኦቾሎኒው ወረደች። ከአራቱ ቀጥላ ሁለት ዜሮ ጻፈች።

ማለፏን የነገራት ሃርጆኖ ነው። የምግብ ቤቱን ሥራ አገኘች። ደስታዋን ሳትጨርስ ግን ሌላ ነገር ያዛት።

«መምህር፣ ከኪሎ እስከ ኩንታልስ? መቶ እጥፍ ነው። እዚያም አንድ ደረጃ ጎድሏል።»

«አሥር ኪሎ። ገበያችን ስም አላወጣለትም።»

ዋጊየም ገበያውን በዓይኗ ቃኘች። ዓይኗ በካሲናህ ጀርባ ላይ በታዘለችው የዓመት ሕፃን ላይ አረፈ።

«የልጅ ልጄን እንዳትነኪያት!» አለች ካሲናህ። ዋጊየም ግን ትልቁን ሚዛን መጥረግ ጀምራ ነበር።