ሁለት ወንበር ያለው ጄት

ጎረቤቴ ኤርጎ አናጺ ነው። አልጋ ይሠራል፣ አግዳሚ ወንበር ይሠራል፣ ሰው ሲሞት ሳጥን ይሠራል። ይሄ ሁሉ ለእንጀራው ነው። ለነፍሱ ደግሞ ጄት ይሠራል። ክንድ የማይሞላ፣ ከዋንዛ የተጠረበ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ወንበር የተፈለፈለበት ጄት። እኔ አረጋሽ እባላለሁ፤ ጂንካ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። የእሱን ሱቅና የእኔን የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ መዶሻውንም ወሬውንም ሳልወድ እሰማለሁ።

ወሬው ያው አንድ ነው። ደርግ ሳይወድቅ ደብረ ዘይት የጄት መካኒክ ነበርኩ ይላል። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን እሱም እንደ ሌላው ዩኒፎርሙንና ወረቀቱን መንገድ ላይ አቃጥሎ፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና አገሩ ገባ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኤርጎ ወረቀቱን አቃጥሎ ሞኝነቱን ይዞ ቀረ። ማስረጃ የለው፣ ምስክር የለው፣ እንጨት እየጠረበ «ይሄን ነበር የምጠግነው» ይላል።

ማን ይመነው? የጂንካ ሰው የሚያውቀው ከተማው መሃል ሣር ላይ ያርፍ የነበረውን አውሮፕላን ነው። ሊያርፍ ሲል ከብት እናባርርለት ነበር፤ ከዚያ ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር ቆመን እናያለን። የኤርጎ ጄት ፕሮፔለር የለውም። «ሽክርክሪቱን ረስተኸዋል» ይሉታል፣ ከልባቸው አዝነው። አንዱ እንዲያውም በነጻ ልቅረጽልህ ብሎት ነበር። ጄት እሳት የሚተፋው በኋላው ነው ብሎ ሲያስረዳ ደግሞ ባሰበት። በቂጡ እሳት የሚተፋ አውሮፕላን ሰምተን አናውቅም ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወንበሩ ለምን ሁለት እንደሆነ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አስጎብኚው ኤልያስም አልጠየቀም። አንዱን ጄት ወስዶ ለአንድ ፈረንጅ የባልና ሚስት ባህላዊ ብርኩማ ነው፣ በሁለቱ ጉድጓድ ራሳቸውን አሳርፈው ይተኙበታል ብሎ ሸጠለት። 

የከተማው ሳቅ ግን ምኑም አልነበረም። እሱን የሚያንገበግበው ሚስቱ አበዛሽ አለማመኗ ነው። አበዛሽ ደግ ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ትመራለች፤ ሰው ሲቸግረው ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። ባሏ ስለ ጄት አፉን ሲከፍት ግን «ተው ባክህ፣ አንተ እዚያ ወጥ ሠሪ ነበርክ» ብላ ትቆርጠዋለች፣ ያውም ሰው ፊት። ዘበኛ ነበር የምትልበት ቀንም አለ። ታላቅ ወንድሟ ፍሥሐ ወታደር ሆኖ ሰሜን ቀርቷል። አብሮት የነበረ ሰው መጥቶ፣ አውሮፕላን ነው የደበደበን፣ የራሳችን ይሁን የጠላት እንኳ አላወቅንም ብሎ ነግሯቸዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የፍሥሐ ስም አይነሳም። ልጅ ወልደው፣ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተው የጄቱ ነገር ግን እንደተቋጠረ ቀረ። ኤርጎ አንድ ቀን «አረጋሽ፣ እሷ ብቻ ትመነኝ እንጂ ሌላው የፈለገውን ይበል» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ብርኩማውን የገዛው ፈረንጅ ሞኝ አልነበረም። አገሩ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ኖሮ፣ በዓመቱ በኤልያስ እጅ ካርቶን ላከ። ውስጡ እየተገጣጠመ የሚሠራ የፕላስቲክ ጄት ነበር። ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ፕሮፔለር የለው፣ በኋላው እሳት ይተፋል፣ ክንፉ ሥር ቦምብ አንጠልጥሏል።

ገበያተኛው ተሰብስቦ አየው። የአገሩ ልጅ ስንት ዘመን ሲምል ያላመነ ሕዝብ፣ ፈረንጅ ካርቶን ላይ ስሎ ሲልክለት ወዲያው አመነ። ፕሮፔለር ልቅረጽልህ ያለውም ሰውዬ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ኤርጎ ካርቶኑን ታቅፎ ወደ ቤቱ በረረ። አበዛሽ ተቀብላው ብዙ አየችው፤ ከዚያ «ለካ እውነትህን ነው» አለች። ዕድሜ ልኩን የለመነውን ቃል ሰማ። ሲስቅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ አበዛሽ ልብሷን ጠቅልላ ባጃጅ ይዛ ታናሽ ወንድሟ ሕዝቅኤል ቤት ገባች።

ሄጄ ምን ሆነሽ ብላት «የእሱ አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ፍሥሐ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ለኤርጎ ስነግረው አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ። «የእኔ እኮ አይጥልም» አለ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ወንበር ያለው ተዋጊ ነው፤ እሱ የጠገነው ማሰልጠኛ። ፈረንጁ ደስ ይበለው ብሎ ሌላ አውሮፕላን ልኮ ትዳሩን አፈረሰው።

ሰውዬው አልጋና ወንበር ያዘዘውን ደንበኛ ሁሉ ትቶ ተዋጊውን ማሰልጠኛ ማድረግ ጀመረ። አንገቱን በመጋዝ ቆርጦ አስረዘመው፤ ክፍተቱን በሱፐር ግሉና በሕፃን ፓውደር ሞላው፤ ሁለተኛ ወንበር ጨመረ። ወንበሮቹን ለሚከድነው መስታወት እንጨት ቀርጾ፣ የውሃ ፕላስቲክ ከሰል ላይ አሙቆ፣ ለስለስ ሲል በላዩ ወጠረው። ስንቱ ፕላስቲክ ተቃጠለ፤ ጣቱም አብሮ። ቦምቦቹን ከነማንጠልጠያቸው ነቅሎ ጣለ፤ ክንፉን ከሥር በብርጭቆ ወረቀት ጠባሳው እስኪጠፋ ፈገፈገው። ለቀለሙ የእኔን የጥፍር ቀለም ጨረሰው።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ሚልክያስ ለእርቅ ጋቢ ይገዛል እንጂ መጫወቻ ተይዞ አይኬድም ብሎ ተከራከረ፤ ኤርጎ ግን ወይ ፍንክች። እኔም ተከትያቸው ሕዝቅኤል ቤት ደረስን። ሚልክያስ ጸለየ፣ ጥቅስ ጠቀሰ፣ ጄቱን ከጨርቅ ፈቶ ፊቷ አስቀመጠ። ከዚያ የሚለው ጠፋው፤ እሱ ስለ ጄት ምን ያውቃል? ደጅ የቆመውን ኤርጎን ጠሩት።

«ፊት ያለው ወንበር የተማሪ ነው፣ ኋላ ያለው የአስተማሪ» አላት። «ትምህርት ቤት ነው አበዛሽ። እኔ የጠገንኩት አውሮፕላን ቦምብ ይዞ ወጥቶ አያውቅም።»

ክንፉን ከሥር በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረስሽኝ? አፌን ስከፍት ወጥ ሠሪ ነበርክ ትይኛለሽ።»

አበዛሽ እንባዋ ወረደ። «እኔ እኮ ያላመንኩህ አብሬህ መኖር ስለፈለግኩ ነው» አለችው። «ካመንኩህማ የፍሥሐን ገዳይ ሳበላ ልኖር ነው?»

ኤርጎ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አበዛሽ ጄቱን በጨርቁ መልሳ ጠቅልላ ታቀፈችው።