ቅርጫቱን መቀነስ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሚገኝ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዛኝ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ የመጀመሪያውን የቆሮሶ ዓሣ ቅርጫት ሚዛን ላይ አስቀምጬ ያየሁትን ቁጥር ጮክ ብዬ ተናገርሁ። የወደቡ ኃላፊ ጋሽ ሰኢድ ሣቁ።

«ልጄ፣ ቅርጫቱን ማን ሊበላው ነው?»

ባዶው ቅርጫት ተመዝኖ እንደሚቀነስ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዓሣ የሚቆርጡት እትዬ ዘምዘም ሳምንቱን ሙሉ «ቅርጫት ሻጯ» እያሉ ጠሩኝ። እኔም ደስ እያለኝ «አቤት» አልሁ።

ማኅበሩ ሁለት ወደቦች ነበሩት። የማዶው ከነፋስ የተከለለ ነው፤ የእኛው ፊቱን ለሐይቁ የሰጠ። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ዓሣ ያስገባው ኃላፊ ጋቢ ይሸለማል፤ በጣም ያነሰበት ከቦታው ይነሣል።

በሁለተኛው ዓመቴ ነፋሱ አላስወጣ አለን። ጀልባዎቹ ታስረው ይውላሉ። ጋሽ ሰኢድ ግን መቀመጥ አያውቁም፤ መረብ ያስጠግናሉ፣ የበረዶውን ሣጥን ያሳጥባሉ። ነፋሱ ጋብ ሲል ወዲያው እንወጣለን። የገባው ዓሣ ሳይውል ሳያድር በረዶ ውስጥ ይገባል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ እንኳ ደርቆ ለዶሮ መኖ ይሸጣል። እንዲያም ሆኖ የዓመቱ ሚዛን ከማዶው እጅግ አነሰ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ አስካለ መጡ። ጋሽ ሰኢድን ሊያነሷቸው እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል።

«አቶ ሰኢድ፣ ምን ላድርግልዎ? ቁጥሩ ወርዷል» አሏቸው።

«ነፋሱንም የቀጠርሁት እኔ ነኝ?»

ወይዘሮ አስካለ ዳርቻውን ቃኙ። «ደግሞ ፔሊካን ወፎቻችሁ የት ሄዱ?»

እትዬ ዘምዘም ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ መለሱ፤ «ምን ሊበሉ እዚህ ይቆማሉ? ጋሽ ሰኢድ እንደሁ ቅርፊት እንኳ አይጥሉላቸው! ማዶ ሄደው ሰብተዋል፤ መብረርም አቅቷቸዋል።»

ወደቡ በሣቅ ተሞላ። ወይዘሮ አስካለም ሣቁ፤ ወዲያው ግን ወደ ማዶ አሻግረው አዩ። «ጀልባ አምጡልኝ» አሉ።

አብሬያቸው ተሻገርሁ። እውነትም ፔሊካኖቹ ከዓሣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተኮልኩለዋል። በረዶ ሳያገኝ የሸተተ ዓሣ ሲወረወርላቸው እየቀለቡ ይውጣሉ። የማዶው ወደብ የሚመሰገንበት ቁጥር የሚያዘው ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ነው፤ በኋላ የሚጣለውን የሚመዝን አልነበረም። አንዷ ፔሊካን ጠጋ ብላ የወይዘሮ አስካለን ነጠላ ጎተተች።

«እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል!» አሏት።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ነፋስ ያሠረው ቀን በኃላፊ ላይ አይቆጠርም፣ የተጣለው ዓሣም ይመዘናል። ጋቢውን ጋሽ ሰኢድ ለበሱ። የማዶው ኃላፊ ራሳቸው እያጨበጨቡ፣ «ነገ የበረዶ አያያዛችሁን ለማየት እመጣለሁ» አሉ። እትዬ ዘምዘም ከኋላ ጮኹ፤ «ለፔሊካኖቹ ማን ይንገራቸው?»

ዘንድሮ የአንደኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ከዚያ ወደብ ይዤ የመጣሁት ይህን ነው፤ ኃላፊ ሲመዘን፣ ሐይቁ የሰጠውና ሐይቁ የነሳው አስቀድሞ ይቀነሳል። የቀረው የእሱ ሥራ ነው።