ሥዕል ጀርባ የለውም

ሲኞራ ኤልዳ ሱቅ የሄድኩት በር ልሠራ ነበር። ጣልያን መቐለ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ሰይድ ነው፤ እንጨት ጠራቢ ነኝ። አንድ መጥረቢያ፣ አንድ መጋዝ፣ ሁለት መሮና አንድ ሞረድ በጆንያ ተሸክሜ ነበር የመጣሁት። ሴትዮዋ ጣልያን ናት። ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሷ ለአገሯ ሰዎች ሥዕልና ቅርጫት ትሸጣለች። በዚያን ጊዜ ለእኛ ለአገሬው ሰዎች በፊት በር መግባት ክልክል ነው። በጓሮ ገባሁ።

ጓሮው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ሸራ ላይ ልጅ ይስላሉ። አለቃ ዐምደ ብርሃን ይባላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ሲኞራ ግን ልጆች ብቻ እንዲስሉላት ነበር የምታዝዛቸው። ገበጣ የሚጫወት ልጅ፣ እንስራ ያዘለች ልጅ፣ ግድግዳ ተደግፎ የተኛ ልጅ። ያን ቀን የሚስሉት ልጅ የፊት ጥርሱ የለም። ቆሜ አይቼ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉኝ።

«ይሄ ልጅ ጥርሱን ጣራ ላይ ወርውሮ ገና አዲሱን እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

«ዓይን አለህ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ሲኞራ መጣች። መሮዎቼን አየች፣ ሥዕሉን አየች። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ትግርኛም ጣል ታደርግበታለች። «ይህን ልጅ በእንጨት ትሠራለህ? እንደዚህ?» አለችና ክንዷን ከክርኗ እስከ ጣቷ ለካችልኝ። አሻንጉሊት ሠርቼ አላውቅም። «እሠራለሁ» አልኩ። በሩን ሌላ ሰው ሠራው።

የመጀመሪያዋን አሻንጉሊት አበላሸሁ። ዋንዛ ነበር፤ ለጠረባ እንደ እሱ ያለ እንጨት የለም፤ ግን እርጥብ ነው። ችኮላዬ ነው። በአራተኛው ቀን ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ ተሰነጠቀ። አለቃ አነሱት። «ይህን ልጅ ማን ፈነከተው?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እንግዲህ ካሳ ክፈል» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ክረምት ሙሉ ጣራ ሥር ያልከረመ ዋንዛ ነክቼ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሥዕሉን ራስ በክር እለካለሁ። አለቃ ልጅ ሲስሉ ቁመቱ አራት ራስ ነው፤ እንጨቱንም አራት ራስ አድርጌ እቆርጣለሁ። በመጥረቢያ አወጣዋለሁ፣ በመሮ እፈለፍላለሁ፣ በሞረድ እሞርዳለሁ፣ በመጨረሻ በጠርሙስ ስባሪ እፍቀዋለሁ። ጉንጭ በጠርሙስ ካልተፋቀ ጉንጭ አይሆንም። ልብሱን አጠገባችን ያለ ልብስ ሰፊ ይሰፋል። ቀለሙ የአለቃ ነው።

ዓይኑም የአለቃ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።

«አለቃ፣ እንጨቱ የእኔ፣ ዓይኑ የእርስዎ።»

«ስለምን?»

«እኔ እስላም ነኝ። በመጨረሻው ቀን፣ በል እንግዲህ ነፍስ ዝራበት ብባል መልስ የለኝም።»

«እኔስ መልስ አለኝ?»

«እርስዎማ የሚጠየቁት ለዓይኑ ብቻ ነው።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ዓይኑን ግን እስከ መጨረሻው እሳቸው ሳሉ።

ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው። አለቃ የልጁን ስም በአሻንጉሊቱ እግር ሥር በከሰል ይጽፋሉ፤ እኔ በቢላዋ ጫፍ ተከትዬ እቀርጻለሁ። ሌላው ሰው ከገበታ ላይ ይማራል፤ እኔ ከአሻንጉሊት መርገጫ ተማርኩ። ጽሕፈቴ የተጣመመው ለዚህ ነው፤ ማንበብ ካቃታችሁ ታገሡ።

አንድ ቀን ከአስመራ የአንድ መሐንዲስ ሚስት መጣች። ሱቁ ውስጥ ያሉትን ዐሥር ሥዕሎች አየች፤ የሠራኋቸውን ሁለት አሻንጉሊቶች አየች። የአለቃን ዐሥሩንም ልጆች በአሻንጉሊት እፈልጋለሁ አለች፤ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ልትደረድራቸው ነው። በሦስት ሳምንት ልትወስድ ተስማማች። ሲኞራ ጠራችኝ። «ዐሥር። አንድ አይጎድልም። ከጎደለ አንተ ወደ በርህ ትመለሳለህ፣ እሺ?» «እሺ» አልኩ።

ችግሩ ጀርባው ላይ መጣ። ሥዕል ጀርባ የለውም። አለቃ ልጁን ከፊት ይስሉታል፤ ከኋላ ሸራ ነው። እኔ ግን እንጨቱን ሳዞረው ምን ልቅረጽ? ሲኞራን ጠየቅኋት።

«ጀርባ ተወው፣ ለስላሳ ይሁን» አለች። «ቁም ሣጥን ውስጥ ጀርባ ማን ያያል?»

«ሲኞራ፣ በር እንኳን ሁለት ፊት አለው። ልጅ ያለ ጀርባ አልሠራም።»

«ሰይድ፣ አንተ በቅሎ ነህ!»

«በቅሎ ጀርባ አላት» አልኩ። አለቃ ብሩሻቸውን ጥለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ዘጠኙ ቀላል ነበሩ፤ የአለቃ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ጓሮው ውስጥ ሲሯሯጡ እጠራቸዋለሁ፣ «ዙር!» እላለሁ፣ ቁንጮውን አያለሁ፣ የጋሜዋን አቆራረጥ አያለሁ፣ እቀርጻለሁ። እናቶቻቸው ያውቁኛል፤ ማንም ምንም አይለኝም። ዐሥረኛዋ ግን ዶሮ የታቀፈች ልጅ ናት። አለቃ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ጊዜ አይተዋት ነው የሳሏት። ስሟን አያውቁም፤ እግሯ ሥር ባዶ ነው። ፊቷን ጨርሻለሁ፤ ማጅራቷ እንደ ዕንቁላል ልሙጥ ነው።

ሰኞ ገበያ ወረድኩ። አገኘኋት። ያቺው ልጅ ከእናቷ አጠገብ ዶሮ ይዛ ቆማለች። ዞሬ ከኋላዋ መጣሁ። ጸጉሯ ሹርባ ነው፤ ማጅራቷ ላይ ይሰበሰባል፤ ከሥሩ ትንሽ ክታብ ተንጠልጥሏል። ደስ አለኝ። ሹርባውን ልቆጥር ሞከርኩ፤ ልጅ መቼ ይቆማል። ተጠጋሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ክሬን ከኪሴ አወጣሁና በሁለት እጄ ወጥሬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሷን ለካሁ።

በአገራችን ሰው በክር የሚለካው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መቃብር ሲቆፈር ነው። እኔም አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ልጅ አላየሁም፤ ያየሁት እንጨቴን ነው።

እናትየዋ ዞራ ክሩን አየችው። «ልጄን ለካት!» ብላ ጮኸች። ገበያው ዞረ።

«ማነው?»

«ያ ወዲ ወሎ ነው፣ የወሎው ልጅ፣ ጠራቢው።»

«ጠይብ ነዋ! ቡዳ ነው!»

ዶሮዋ አምልጣ በረረች። እኔም አመለጥኩ፤ አልዋሽም፣ ሮጥኩ።

በማግሥቱ ልጅቱ ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን በጓሮ በር መጡ። እናትየዋ ወይዘሮ ለተማርያም፣ ሽመል የያዘ ወንድሟና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ዓይናለም ከምትባለው መንደር በእግራቸው ነው የመጡት።

ወንድምየው «ተነስ» አለኝ። «መጥተህ እንትፍ ትልባታለህ።»

ይህን ለማያውቅ ልንገር። ቡዳ በላው የተባለ ሰው የሚድነው የበላው ሰው ሲተፋበት ነው ይባላል። እኔ ከተፋሁ ቡዳነቴን በአፌ መሰከርኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መቐለ ውስጥ ማን ልጁን ያሳየኛል? ልጅ ካላየሁ ምን እጠርባለሁ? ካልተፋሁና ልጅቱ ከሞተች ደግሞ ሽመሉ ይጠብቀኛል።

«አልተፋም» አልኩ። «ቡዳ አይደለሁም።»

«አስተፋሃለሁ!» ብሎ ሽመሉን አነሳ። አለቃ ብድግ ብለው መካከል ገቡ። «ልጅቱን መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ዓይን ከሆነ የኔ ዓይን ነው። እኔን ምታ!» አሉት። የካህን ልብስ ለብሰዋል፤ ሽመሉ ወረደ።

ያን ጊዜ አሻንጉሊቷን አመጣሁና ለእናትየዋ ሰጠኋት። ፊቷን አየች። «አልጋነሽ ናት» አለች። ስሟን ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ ገለበጠቻትና ልሙጡን ማጅራት አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ይህን ነው ልፈልግ የመጣሁት፣ አደይ፣ እናቴ። ፊቷን አለቃ ሰጡኝ፤ ጀርባዋን የሚሰጠኝ አጣሁ።»

«ታዲያ ስለምን አልጠየቅኸኝም?»

ግትር ነኝ፤ እውነት ሲሆን ግን እውነት ነው። «አጥፍቻለሁ» አልኩ በሽማግሌዎቹ ፊት። «ሳልጠይቅ አየሁ፣ ሳልጠይቅ ለካሁ። ለዚህ ካሳ በሉኝ። ክፉ ተመኝቼባት ከሆነ ግን እነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ይፍሰሱ። አልተፋም።»

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተነጋገሩ። ትልቁ መጣና «አሻንጉሊቷ እኛ ዘንድ መያዣ ትሆናለች» አለ። «ልጅቱ ከዳነች ትመለስልሃለች። ካልዳነች እንገናኛለን።» ወሰዷት።

ሲኞራ ይህን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። «ሰጠኸው? ዐሥረኛዋን?» «ሰጠሁ።» «የሚመጣው ሐሙስ የአስመራዋ ሴትዮ ትመጣለች!» «ትምጣ» አልኩ። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ያን ሳምንት መሮ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ አልቀርጽም፤ የጓሮውን በር አያለሁ። ከከተማ ልጥፋ ብል ማን ይከለክለኛል? ግን ከጠፋሁ ቡዳው ሸሸ ይባላል። ቁጭ አልኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ለተማርያም ናት፣ ብቻዋን አይደለችም። አልጋነሽ ጀርባዋ ላይ ታዝላ መጥታለች፤ ፊቷ ሁሉ ሽፍ ብሏል፤ ዓይኗ ግን ቁልጭ ቁልጭ ይላል።

«ኩፍኝ ነው» አለች እናትየዋ። «መንደራችን ዓይናለም ውስጥ ያልገባበት ቤት የለም። የወንድሜ ሦስት ልጆችም ተኝተዋል።»

አለቃ ብሩሻቸውን ከሸራው ሳያነሱ «እነሱንስ ማን ለካቸው?» አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ እንጨቱ ላይ ተቀመጥኩ።

አሻንጉሊቷ በልጅቱ ብብት ሥር ነበረች። ሳያት ደነገጥኩ። ልሙጡ ማጅራት የለም! ከጥቁር በግ ጸጉር የተፈተለ ሹርባ ራሷን ሞልቶ፣ ማጅራቷ ላይ ተሰብስቦ፣ ከሥሩ ጥፍር የምታክል ክታብ ተሰፍቶበታል።

«አንተ ነህ መላጣ አድርገህ የሠራኸኝ ብላ እንዳትወቅስህ ብዬ ነው» አለች ወይዘሮ ለተማርያም። «ልጄ ስትታመም ታቅፋት ነበር የምትተኛው። ባየኋት ቁጥር ያቺ መላጣ ማጅራት አሳፈረችኝ። እኔ ልጄን እንዲህ አድርጌ ገበያ የማወጣ እናት ነኝ?»

በልጅቱ እጅ እንዳለች ጠጋ ብዬ አገላብጬ አየሁ። ሹርባውን እንጨቱ ላይ አልለጠፈችውም። ስስ የጨርቅ ቆብ ላይ ሰፍታ፣ ቆቡን ራሷ ላይ ስባ አስገብታዋለች። እኔ ለአንዷ ራስ ሁለት ቀን በመሮ ጸጉር ስቆፍር እውል ነበር። ይህ ከኔ ይበልጣል፤ በግልጽ ነገርኳት።

«ስንት ናቸው?» አልኳት፤ ሹርባውን ማለቴ ነው።

«ዘጠኝ። ልትቆጥር አልነበር የመጣኸው?»

«ሰባት መስሎኝ ነበር።»

«ወንድ ልጅ!» አለችና ጣቷን አወናጨፈችብኝ።

አሻንጉሊቷን ግን አልጋነሽ አልለቅም አለች። እናትየዋ መያዣ ነው ብላ ልትመልስ ጎተተች፤ ልጅቱ አለቀሰች። ሲኞራ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ዐሥር» አለችኝ በጣቶቿ።

«ካሳዬ ይህ ይሁን» አልኩ። ተቀበልኳትና ቢላዋዬን አውጥቼ ባዶው እግሯ ሥር «አልጋነሽ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃ በከሰል አላስቀደሙልኝም፤ በሕይወቴ ብቻዬን የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። «ነ»ን ገልብጬዋለሁ። ከዚያ ለልጅቱ መለስኩላት።

«ሰይድ፣ ጨርሰሃል!» አለች ሲኞራ። ከሥራ ወጥተሃል ማለቷ ነው። «እስከ ሐሙስ ታገሺኝ» አልኳት።

ወይዘሮ ለተማርያምን ለመንኳት፤ ሦስት ቀን ተቀምጣ ለአምስቱ ሴቶች ልጆች ቆብ ሰፋች። ሐሙስ የመሐንዲሱ ሚስት መጣች። ዘጠኙን ደረደርንላት። አንዷን አነሳች፤ ገለበጠች። ሌላዋን አነሳች፤ ገለበጠች። ዘጠኙንም ጀርባ ጀርባቸውን አየች። ለሲኞራ በቋንቋቸው ብዙ ተናገረች፤ እኔ የገባኝ «ቤሎ፣ ቤሎ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቆንጆ ማለት ነው። ዐሥረኛዋን በሚቀጥለው መኪና ልትቀበል ተስማማች። ሲኞራም ወደ እኔ ዞራ «በቅሎ» አለችኝ፤ ያን ጊዜ ግን እየሳቀች ነው።

ወይዘሮ ለተማርያም ከዚያ ወዲያ ከሥራችን አልተለየችም። የጸጉር ሥራው በእሷ ሹመት ሥር ሆነ፤ ቆቡ አንድ ክር ቢጎድለው እኔንም ትቆጣ ነበር። ጣልያን ወጣ፣ ሲኞራም ሄደች፤ እኛ ያንኑ ጓሮ ተከራይተን ቀጠልን። አለቃ እስኪያርፉ ድረስ ዓይን ሳሉ። ከእጄ ስንት አሻንጉሊት እንደወጣ አልቆጠርኩም፤ ጀርባ የሌላት ግን አንዲትም አልወጣችም። ይህን በኩራት እናገራለሁ።

በቅርቡ አልጋነሽ ቤት ተጠርቼ ነበር፤ የልጇ ሠርግ ነው። አሻንጉሊቷ መደርደሪያ ላይ ቆማለች። ቀለሟ ለቋል፤ ሹርባዋ ዘጠኝ ነው፤ እግሯ ሥር «ነ» እንደተገለበጠች አለች።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። ሥዕል ጀርባ የለውም፤ ልጅ ግን አለው። ሄዳችሁ እዩ። ከማየታችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ።