ሲሪንቃ ስደርስ የምነፋው ክላክስ

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ድካም ነው። ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያም ወዲያ ጭነቱ እስካደረሰኝ ድረስ ስመላለስባት የኖርኩት መኪና እንደኔው አርጅታለች። የፊት መብራቷ ከሻማ አይሻልም፤ ቴፑ የሞተሩን ጩኸት ማሸነፍ ካቃተው ሰንብቷል። መሪ ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ደግሞ ከዘፈን በቀር የሚያነቃኝ የለም። ስለዚህ ጭነት በጠፋ ሰሞን መኪናዋን መርሳ ካለው ግቢዬ አስገባሁና ሽቦዋን ከነቴፑ እንደ አዲስ ላሠራት ተነሣሁ።

እናቴ ከእህቴ ጋር የምትኖረው ሲሪንቃ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ መኪና ማለፉን እንጂ የማን መኪና እንደሆነ አትለይም። እኔም ጭነት ይዤ በደጇ ባለፍኩ ቁጥር መቆም ስለማልችል፣ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጌ ክላክስ እነፋለሁ። እሷ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ብድግ ትልና የነጠላዋን ጫፍ ታውለበልባለች። በስፖኪዮ አያታለሁ። ሰላምታችን ይኸው ነው። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ እኔ በወዲያ በኩል ስቀር ያ ድምፅ ጠፍቶባት ከርሟል። ከዚያ ወዲህ፣ አልፋለሁ ባልኩበት ቀን ክላክሱን ካልሰማች እህል አይወርድላትም።

እኛ ሹፌሮች ደግሞ አንድ ወግ አለን። ከመሃላችን አንዱ ሲሞት፣ ጓደኞቹ በቤቱ ደጅ ባለፉ ቁጥር ልክ እሱ ይነፋ እንደነበረው አድርገው ይነፉለታል። ከእናቴ ቤት አለፍ ብሎ ይኖር ለነበረ አንድ ሹፌር ወዳጃችን እንደዚያ ስንነፋ ከርመናል። እናቴ የሱን አነፋፍ በሰማች ቁጥር «ነፍስ ይማር» ትል ነበር።

መኪናዋን የሠራልኝ የወልድያ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የቆየ ወዳጄ። እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ሥራ ሲይዝ አይዘጋም። ዳሽቦርዱን ከፍተን ውስጡን ስናይ እሱም ራሱን ያዘ። ከኔ በፊት መኪናዋን የያዘ ሁሉ የየራሱን ሽቦ ጨምሮባታል፤ የቀድሞውን ያነሣ ግን የለም። ቀዩ ከጥቁሩ ተቋጥሯል፣ ፕላስተሩ ቀልጦ ተጣብቋል፣ ፊውዝ መግባት በነበረበት ቦታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል።

«ይቺ መኪና እስከዛሬ ያልተቃጠለችው በጸሎት ነው» አለኝ።

«በማን ጸሎት?»

«በእናትህ ነዋ! ባንተማ ቢሆን ድሮ አመድ ሆናለች።»

ቀኑ የማርያም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የነበሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው ታዘቡኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ትቀጠቅጣለህ?»

«መቀጥቀጥ አይደለም አባባ፣ ሽቦ ነው የማስረው። በጨለማ ብነዳ አንቱም አይወዱልኝም።»

«እሱን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔና ወዳጄ ሳቅን፤ ወገቤን ያመኝ ስለነበር የኔ ሳቅ ግማሽ ነው።

አንድ ነገር እዚያው ገባኝ። መኪናዋ በሁለት ባትሪ ነው የምትሠራው። ቴፕ ግን የአንዱ ኃይል ስለሚበቃው፣ የገጠመው ሰው ሁሉ በአቋራጭ ከአንደኛዋ ባትሪ ብቻ ሲስብ ኖሯል። እሷ ሁሌም ቀድማ ትሞትብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ባትሪ ሻጩን ስረግም ኖርኩ። አዘንኩላት። አንዱ ሁሉን ተሸክሞ ሌላው ሙሉ ሆኖ መዋልን ከቤትም ከመንገድም አውቀዋለሁ። ወዳጄ የሁለቱን ኃይል ለቴፑ በልክ የሚቀንስ ዕቃ ገጠመለት፤ አሮጌውን ሽቦ ነቅሎ አዲስ ዘረጋ፤ ፊውዙን ሁሉ በወጉ ደረደረ፤ ከወንበሩ ጀርባ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ተከለ።

በመጨረሻ አሮጌውን ክላክስ ፈታና አገላብጦ አየው። «ይሄማ ጉሮሮው ታሟል፤ ጣለው» ብሎ በምትኩ የአውቶቡስ የሚመስል ድምፅ ያለው ጥንድ ክላክስ አሠረልኝ። እኔ ዕቃ መጣል አልወድም፤ አሮጌውን ከመቀመጫው ሥር ካለው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ወሸቅሁት። ከዚያ ቴፑን ስንከፍተው ትዝታ ግቢውን ሞላው። የማሲንቆው ክር ጣቴ ሥር ያለ እስኪመስለኝ ድረስ ጠርቶ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ያን ቀን ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ ቁልፉን ስነካካ ዋልኩ።

በማግስቱ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ወልድያ ወጣሁ። ሲሪንቃ ስደርስ ቴፑን ቀነስኩና እንደ ልማዴ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጌ ነፋሁ። እናቴ ከድንጋዩ ብድግ አለች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ነጠላዋን ግን አላነሣችም። በስፖኪዮ እስክትጠፋብኝ ድረስ እንደቆመች ናት። ቆሜ ላናግራት አሰብኩ፤ ከኋላዬ አውቶቡስ ተጣብቆኛል፣ ገዥዎቹም ወልድያ ይጠብቁኛል። «ሳትሰማ ቀርታ ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። ለእህቴ ብደውል ስልኳ አይሠራም። ሽንኩርቱ እስኪራገፍ ደጋግሜ ደወልኩ።

ስመለስ እህቴን አስፋልቱ ዳር ቆማ አገኘኋት። ሳታየኝ በፊት ስታለቅስ እንደነበር ፊቷ ይናገራል።

«ኧረ ግባ ቶሎ! ጧት ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች አላቀናችውም። እህልም አልቀመሰች። ደህና ነው ብዬ ብነግራት፣ ብነግራት አልሰማ አለችኝ።»

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ስገባ እናቴ ከግድግዳው ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እጇን ይዤ ፊቴ ላይ አደረግሁት። ጢሜን፣ ግንባሬን ዳሰሰችው።

«አለህ?»

«አለሁ እማዬ።»

«አንድ የማላውቀው መኪና ባንተ አነፋፍ ነፍቶ አለፈ» አለች። «ጓደኞችህ መሰሉኝ።»

ክላክሱን መቀየሬን እንደምንም አስረዳኋት። «እሺ የኔ ጌታ» አለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም፣ ነጠላዋንም አላቀናችም። እጄን ይዛ እንኳ ጆሮዋ አሁንም ከመንገዱ ላይ ነበር።

እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅሁና የመፍቻ ሳጥኑን አወጣሁ። ወገቤ እየጮኸ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ተንበረከክሁ፤ ያን የሚያምር ጥንድ ክላክስ ፈትቼ መሬት ላይ ጣልኩት፤ አሮጌውን በቦታው አሠርኩ። ያን ያህል ደክሞኝ አያውቅም። እህቴ እናቴን ደግፋ አወጣቻትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻት። ጋቢና ገብቼ ነፋሁ፣ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ጉሮሮው እንደታመመ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሳል ቢጤ አለው።

እናቴ ብድግ አለች።

«እሰይ! አሁን መጣህ» አለችና ነጠላዋን አቅንታ ለበሰች።