የአንሶላው አንቀጽ

ተማሪዎቹ «ኃይለ ቃል» ብለው ነበር የሚጠሯቸው። ገና የተመዘገበ አዲስ ገቢ ሳይቀር በራችንን አንኳኩቶ «ኃይለ ቃል አሉ?» ይል ነበር። የጎናቸው ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ማስተማር ስጀምር እሳቸው በኮሌጁ ሃያ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል፣ አይጠሉትምም። «ካወጡ አይቀር ከዚህ የባሰ ሊያወጡልኝ ይችሉ ነበር» ይሉኛል፤ መነጽራቸውን በክራባታቸው ጫፍ እየወለወሉ።

የሚያስተምሩት የጥናታዊ ጽሑፍ አጻጻፍ ነው። ለእሳቸው ግን ትምህርቱ ተጨምቆ አንዲት ነገር ይወጣዋል፦ አንቀጽ ሲጀመር ስለ ምን እንደሚናገር፣ ስለዚያም ነገር ምን እንደሚል የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ኃይለ ቃል፣ ይኑር። ሰሌዳው ላይ «ከተማችን ሰፊ ናት» ብለው ይጽፉና ወደ ተማሪው ይዞራሉ።

«እና ምን ይሁን? ማን ተከራከረን? ቀጥዬ ምን ልጽፍ ነው?»

ወዲያው ከሥሩ «የከተማችን መንገዶች ለእግረኛ ታስበው አልተሠሩም» ብለው ያክሉበታል። «አሁን ዕዳ ገባሁ። ማስረዳት አለብኝ። አንባቢም ከእኔ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።»

ሐቁን ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ። ስለ መኪና አደጋ ጻፍ ሲባል ከሰው ልጅ አፈጣጠር የሚነሳ፣ ሦስት ገጽ ዳር ዳር ብሎ አደጋው ጋ ሳይደርስ ወረቀት የሚያልቅበት ተማሪ ስንት ነበር። ያን ሁሉ ልክ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሌሎች መምህራን «ያንተ ተማሪዎች ሲጽፉ ያስታውቃሉ» ሲሏቸው ቀና ብለው አይመልሱም፤ ጆሯቸው ግን ይቀላል።

ያበላሻቸው የወረቀቱ ብዛት ነው። በአንድ ወሰነ ትምህርት መቶ ስልሳ ተማሪ ያርማሉ። መቶ ስልሳ ድርሰት ከዳር እስከ ዳር ማንበብ የማይዘለቅ ሲሆንባቸው፣ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማየት ጀመሩ። ኃይለ ቃል ካገኙ ያልፋሉ። ካላገኙ በቀይ ያሰምሩና «ኃይለ ቃል የለውም» ብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ኃይለ ቃል መሃልም መጨረሻም ሊመጣ እንደሚችል አጥተውት አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ራሳቸው ያስተምሩታል። «እሱ ለበቁት ነው» ይላሉ፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እናንተ ፊት ለፊት አስቀምጡልኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ለመጥፎ ምሳሌነት የሚያድሏት አንዲት ፎቶ ኮፒ ነበረቻቸው። ስም የላትም። ወደ ቀኝ ዘንበል ባለ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ትላለች፦

«በሆስፒታላችን የማዋለጃ ክፍል አንሶላ የሚቀደደው ከራስጌው ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍል አንሶላ የሚቀደደው ከግራና ከቀኙ፣ ወገብ አካባቢ ነው። የሕፃናት ክፍል አንሶላ ይቆሽሻል እንጂ ብዙ አይቀደድም። እኔ በቀን እስከ ሠላሳ አንሶላ እሰፋለሁ። ከስድስት ወር ወዲህ የተቀደዱትን በየክፍላቸው እየለየሁ ስቆጥር»

«ስለ ምንድን ነው?» ይላሉ ኃይለ ቃል። «ስለ አንሶላ? ስለ ስፌት? ወይስ ልጅቷ ቆጠራ ትወዳለች?» ክፍሉ ይስቃል። እኔም ወረቀቷን ከእሳቸው ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አድያለሁ። ሁለቴም ተስቋል።

ጸሐፊዋን አይቻታለሁ። ቅዳሜና እሁድ የምትማር፣ በሆስፒታል ላውንደሪ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ የምትሠራ፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች። ያቺ ጽሑፍ የማጠቃለያ ፈተናዋ ነበረች፤ ወደቀች። ውጤት የተለጠፈ ዕለት ቢሯችን መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው።

«መምህር፣ አንዴ ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

«ኃይለ ቃሉ የታለ?»

«መጨረሻው ላይ ነው።»

«መጀመሪያው ላይ ከሌለ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ውሰጂው።»

አንገታቸውን ደፍተው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ሴትየዋ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቻለሁ። «ኧረ አንዴ ይዩላት» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። ገና አዲስ ነኝ፣ በታላቅ ሰው ሥራ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰችም።

እሷ ከወደቀች በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ እንደ ልማዳቸው ወረቀቷን አድለው ክፍሉ ስቆ ሲያበቃ፣ አናጢ የነበረ አንድ ጎልማሳ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አላለቀም። አራት ነጥብ የለውም። ቀሪው የት ነው?»

ይህን የነገሩኝ ወደ ቢሮ ሲመለሱ ነው። ኮታቸውን ሳያወልቁ የታችኛውን መሳቢያ ስበው ዋናውን ወረቀት አወጡ። ገለበጡት። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነበር። ቆመው ጀመሩ፣ መሃል ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ።

«…አስታማሚ ዘመድ በሚገባበት ክፍል የሚቀደደው ትንሽ ሆኖ አገኘሁት። ዘመድ በማይገባበት፣ አንዲት ነርስ ለሃያ አልጋ በምትቆምበት ክፍል ግን እጥፍ ነው። ያመመው ሰው የሚይዘው እጅ ሲያጣ አንሶላውን ይይዛል። ስለዚህ በሆስፒታላችን የአንሶላ መቀደድ የጨርቁን ማርጀት ሳይሆን የሰው እጅ ማነስን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።»

«ከዚህ የተሻለ ኃይለ ቃል በዕድሜዬ አላረምኩም» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዶ። ቀጥለውም «ነግራኝ ነበር'ኮ። እዚህ በር ላይ ቆማ ነግራኝ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ሬጅስትራር ሄዱ። ውጤት ሊስተካከል የሚችለው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው ተባሉ። ለዲኑ ጻፉ፤ መልሱ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ ሆስፒታሉ ድረስ ሸኚኝ፤ ብቻዬን እግሬ እሺ አይለኝም» አሉኝ። እኔም ብቻዬን ባልሄድኩ ነበር።

ላውንደሪው ከዋናው ሕንፃ በስተጀርባ ነው። ሁለት ትልልቅ ማጠቢያዎች እየጮሁ ይሽከረከራሉ፤ መስኮቱ በእንፋሎት ላብ አውጥቷል። እሷ ከወዲያ ጥግ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላለች። ገና ስታየን መኪናውን አቆመች።

«መምህር» አለች። ተነስታ ወንበሯን ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ድሮ አንቺ ነበር የሚሉኝ።»

«ድሮ ብዙ አጥፍቻለሁ። የወረቀትዎን ጀርባ ሳላይ ነው የጣልኩዎት። ያየሁት ከትናንት ወዲያ ነው።»

የያዘችውን አንሶላ ማጠፍ ጀመረች፤ ጫፉን ከጫፉ እያገጣጠመች፣ ሳትቸኩል።

«እንዳላዩት አውቃለሁ» አለች። «የእህቴ ልጅ እርስዎ ጋ ተምራለች። አንድ ቀን አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች፤ ‹አክስቴ፣ እስቲ እዪልኝ፣ ሰው እንዲህ ይጽፋል?› ብላ እየሳቀች። ሳየው የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው። ፊት ገጹ ላይ ተቆርጧል፤ ጀርባው የለም።»

«ምን አልሻት?» አልኳት እኔ፤ ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ።

«ምን እላታለሁ? አብሬያት ሳቅኩ።»

ኃይለ ቃል ግድግዳውን ተደገፉ። ተመልሳ መማር ከፈለገች ክፍያውንም ማስጠናቱንም እሳቸው እንደሚችሉ፣ ኮሌጁን እግሩ ላይ ወድቀውም ቢሆን እንደሚያስፈቅዱ ነገሯት። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«ያኔ እዚሁ መረጃ ክፍል አንድ ቦታ ተከፍቶ ነበር» አለች። «ዲፕሎማ ይጠይቅ ነበር። የምቆጥረውን ነገር እዚያ ሆኜ የሚሰማኝ አገኛለሁ ብዬ ነበር የተመዘገብኩት። ቦታው ሰው ገባበት። እኔም ቆጠራውን ተውኩት።» የታጠፈውን አንሶላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም› ይባላል። እኔ ግን እርግፍ አድርጌ ልረሳው ነበር። በየዓመቱ ያባዙት እርስዎ ነዎት።»

 ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጀርባውን አነበበች።

«ዛሬም ያው ነው» አለች ለራሷ። አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ስለ መጡ አመሰግናለሁ። ይቅርታውን ግን ዛሬ ስጪኝ አይበሉኝ። ከየት እንደማመጣው አላውቅም።»

እኔ «እኔም በዚያን ቀን እዚያ ነበርኩ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ መኪናዋን አስነሳች፤ ቃሌ በአፌ ቀረ። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ኃይለ ቃል ለተማሪዎቻቸው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። ግማሹ ክፍል የሚያደርገው ጠፍቶት መሬት መሬት አየ፤ አናጢው ጥያቄውን እንደጠየቀ የተጸጸተ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነቡ ጀመር። ውጤት ዘገየ፣ ተማሪ አጉረመረመ፣ የክፍል ኃላፊው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ወቀሳቸው። «ልክ ነህ» ብለውት ወጡ፤ ማንበባቸውን ግን አልተዉም።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው የድሮ የፈተና ወረቀቶች የሚቀመጡበትን መጋዘን አስከፍተው አብረን ገባን። መደርደሪያው ባዶ ነው። ጠባቂው በየአምስት ዓመቱ ተጠርጎ ለሱቆች መጠቅለያ እንደሚሰጥ ነገረን። የሷ የተረፈችው እሳቸው መጥፎ ምሳሌ ብለው ስለ ለዩአት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ስኳርና ምስማር ተጠቅልሎበት ሄዷል።

የቀረው ከሬጅስትራር ተውሰን ያመጣነው የውጤት መዝገብ ነበር፤ ስምና አንድ አንድ ፊደል። ኃይለ ቃል ጣታቸውን ከወደቁት ስሞች ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራተቱት፤ ቀጣዩን ገጽ፣ ከዚያም ቀጣዩን። ጥቂቱን መልካቸውን ያስታውሳሉ። አብዛኞቹን አያውቋቸውም።

«እነዚህስ ምን ብለው ነበር?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። መዝገቡን ዘግተው ሰጡኝ፤ የሬጅስትራር ቢሮው ሳይዘጋ ወስጄ መለስኩት።