ሮቦቴ የአባቴ አውድማ ላይ አረፈች

ዛሬ ወገዳ አካባቢ ጢማቸው በገብስ ገለባ የተሞላ ሰው ካያችሁ አባቴ ናቸው። እንደዚያ ያደረግኳቸውም እኔ ነኝ።

ጠዋት ንፋስ ጠብቀው ገብሱን ከገለባው ሲለዩ፣ እኔ ከማዶ ትንሿን በራሪ ሮቦቴን እሞክር ነበር።

ከተመረቅኩ ጀምሮ ጭንቀቴ አንድ ነው፤ ባትሪዋ ቶሎ እንዳያልቅ። ትንንሾቹን ክንፎች ፈትቼ ሰፋፊና ቀስ ብለው የሚሽከረከሩ ገጠምኩላት። ሠራ! ከወትሮው በጣም ቆየች። በደስታ ጮህኩ።

ባትሪዋ ሲደክም ለጥ ያለ ንጹሕ ቦታ ፈልጋ በራሷ እንድታርፍ አዝዣት ነበር። ፈልጋ ያገኘችው እኛ እንኳ ጫማ አውልቀን የምንገባበትን አውድማ ነው።

የሰፋፊዎቹ ክንፎች ንፋስ ገለባውን አንስቶ የተለየው ገብስ ላይ መለሰው።

"እሰይ፣ ተማረልን!" አሉ ጎረቤታችን አያ ደምሌ። "ቅድም ንፋስ ስንለምን የት ነበርክ?"

ሮቦቷን ላነሳ ሮጬ ገባሁ። ከነጫማዬ! በጥፋት ላይ ጥፋት።

ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል፣ ንፋሱም ቆሟል። አባቴ ጢማቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ። ቁጣ ጠበቅሁ።

"ለመሆኑ ባትሪው ቆየልህ ልጄ?" አሉኝ።

ቆይቷል። ግን "አዎ" ለማለት አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ገብሱን ሸራ አልብሰን ዝናቡ እንዲያልፈን እየለመንን ነው።

እናንተስ፣ በሙያችሁ ልትኮሩ ስትሉ ቤተሰብ ፊት ያፈራችሁበት ቀን አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።